ፀሐይ ላይ ቁጥሩ የሚጠፋ ሚዛን ወይም የሞተር ዳሽቦርድ፦ ስክሪኑን በእጃችሁ የማስተካከያ መመሪያ

"ቁጥሩ ፀሐይ ላይ አይታይም፤ መብራቱን ጨምርልኝ።" በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይቺን እሰማለሁ። ዲጂታል ሚዛን ተሸክሞ የሚመጣ አለ። የሞተሩን ዳሽቦርድ ነቅሎ በፌስታል ይዞ የሚመጣ አለ። የሶላር መቆጣጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ "ሞቷል" ብሎ የሚፈርድበትም አለ። ሰኞ ባቲ ገበያ ውለው ማክሰኞ ደሴ የሚወጡት ነጋዴዎች ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው።

ባለፈው አንድ ሽማግሌ የሽንኩርት ሚዛናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ ቁጥሩ የለም እኮ። ገዢው እኔ ያልኩትን አምኖ ነው የሚከፍለው፤ ያላመነ ደግሞ ይጨቃጨቃል" አሉኝ። "አባባ፣ ቁጥሩስ አለ፤ ፀሐይዋ ናት የዋጠችው። አንቱ ብቻ አረፍ ይበሉ" አልኳቸው። ጥላ ውስጥ ሳበራው ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

አንድ በአንድ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው። መብራት መጨመር መፍትሔ አይደለም። ተራ የስልክ ስክሪን 500 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) አካባቢ ያበራል። ነጭ ወረቀት የቀትር ፀሐይ ላይ ስታስቀምጡ ከ20,000 ኒት በላይ ይመልሳል። በባትሪ የሚሠራ የትኛው አምፖል ነው ከዚህ ጋር የሚፎካከረው? ስለዚህ ስክሪኑ ራሱ ፀሐይዋን እንደ መብራት እንዲጠቀም እናደርገዋለን። ካልኩሌተርና የድሮዋ ኖኪያ ፀሐይ ላይ ይበልጥ የሚነበቡት በዚሁ ነው። በዚያ ላይ የባትሪ ፍጆታው ይቀንሳል።

መጀመሪያ የናንተ ስክሪን የትኛው ነው?

ይህን ሳታዩ ካቻቪቴ አታንሱ። ግማሹ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቁጥሩ በቀይ ወይም በአረንጓዴ ራሱ እየበራ የሚጽፍ ከሆነ ኤልኢዲ ነው። ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም። ለሱ ጥላ ከማበጀት በቀር የማውቀው መላ የለም።

ቁጥሩ ጥቁር፣ ጀርባው ግራጫ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ከሆነና ላዩ ላይ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም የተቃጠለ የሚመስል ነጠብጣብ ከወጣበት፣ የፊቱ ፊልም (መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ) በፀሐይ ተቃጥሏል። ቀላሉ ሥራ ይሄ ነው። "የተቃጠለ" እያልኩ እጠራዋለሁ።

ጀርባው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሆኖ ቁጥሩ ነጭ ከሆነ፣ ከኋላ መብራት ካልበራለት ጭራሽ አይነበብም። ፀሐይ ላይ የሚጠፋው ይሄኛው ነው። "ግልብጥ" እለዋለሁ። እሱንም እናስተካክለዋለን።

ሌላ ደግሞ አለ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ፣ ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ የሚመለስ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። በመስታወቶቹ መካከል ያለው ሊኩዊድ ክሪስታል ከልክ በላይ ሲሞቅ ብርሃኑን ማዞር ያቆማል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ይህ ከሆነ አትክፈቱት፤ በቀጥታ ወደ 11ኛው ደረጃ ሂዱ።

ከቁጥሩ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ከጎደለ (8 የነበረው 6 ወይም 9 ከመሰለ) ደግሞ ፊልሙ አይደለም። የመገናኛው ቆሻሻ ነው፤ 9ኛው ደረጃ ላይ አለ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ በአጭሩ

ስክሪኑ እንደ ሳንዱች ነው። መሃል ላይ ሁለት ቀጫጭን መስታወት፣ በመካከላቸው ሊኩዊድ ክሪስታል። ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ፖላራይዘር የሚባል ፊልም ተለጥፏል። ፊልሙ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ ሌላውን ይከለክላል። ሊኩዊድ ክሪስታሉ ብርሃኑን 90 ዲግሪ ያዞረዋል፤ ኤሌክትሪክ የነካው ቦታ ላይ ግን ማዞሩን ይተዋል። ቁጥሩ የሚሳለው እዚያ ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ፊልሞች አንዱን 90 ዲግሪ ብታዞሩት በጥቁር ላይ ነጭ የነበረው በነጭ ላይ ጥቁር ይሆናል። ሥራችን በሙሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ፖላራይዘር ፊልም። መርካቶ የስክሪን ዕቃ የሚሸጡ ጋ በቁራጭ ይገኛል። ካጣችሁ መስታወቱ የተሰበረ ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ፈልጉ፤ የፊቱ ፊልም ለሃያ ሚዛን ይተርፋል። ላዩ ደብዘዝ ያለ ስለሆነም ነጸብራቅ አይመልስም፤ እንዲያውም ከተገዛው ይሻላል።
- አዲስ ምላጭ፣ ሁለት ሦስት። የዶለዶመ ምላጭ መስታወት ይሰብራል።
- አልኮል (ከፋርማሲ፣ 70 በመቶ ይበቃል)፣ ጥጥ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ
- ወረንጦ፣ ትንንሽ ካቻቪቴ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ቀጭን ማርከር
- የፀጉር ማድረቂያ (ፎን)
- ስኮች ፕላስተር
- የምግብ ፎይል (ለግልብጡ ብቻ)
- ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ስዊች፣ ካውያና ብየዳ (እነዚህም ለግልብጡ)
- ከጥቁር ወይም ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ቁራጭ

የፊልሙ መጠን ላይ አትሰስቱ። የአብዛኞቹ የሚዛን ስክሪኖች ፊልም አቅጣጫው ወደ 45 ዲግሪ ያጋደለ ነው፤ የቴሌቪዥን ፊልም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ነው። ስለዚህ አጋድላችሁ ነው የምትቆርጡት፤ ማዕዘን ማዕዘኑ ይባክናል። 10 በ3.5 ሴንቲሜትር ለሆነ መስታወት 10 በ10 የሆነ ቁራጭ ለጥቂት ነው የሚበቃው። 12 በ12 ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

የቴሌቪዥኑን ፊልም ስትወስዱ የፓወር ቦርዱን አትንኩ። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ የሚመታ ኤሌክትሪክ ይቆያል። የቆዩት ኤልሲዲዎች ደግሞ ከኋላ ቀጫጭን የመብራት ዘንጎች አሏቸው፤ ውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ እንዳይሰበሩ።

የሚዛኑ መስታወት ከተሰነጠቀና ፈሳሽ ከወጣ በእጅ አትንኩት። ከነካችሁ በሳሙና ታጠቡ። ልጆች ባሉበት አትሥሩ።

ለንግድ የሚያገለግል ሚዛን ማኅተም ካለው፣ ስትከፍቱት ማኅተሙ ይበጠሳል። ከሥራው በኋላ እንደገና ማስመርመር ሊኖርባችሁ ነው፤ አስቀድማችሁ አስቡበት። ቦርዱ ላይ የምታገኟትን የማስተካከያ ስዊችም አትንኳት። ክብደቱን የምታዛባው እሷ ናት።

ደረጃ በደረጃ

1. ኃይሉን አቋርጡና ፎቶ አንሱ። የሚዛን ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 6 ቮልት ነው፤ ሰው አይመታም፤ ሽቦው ቢነካካ ግን ቦርዱን ያቃጥላል። ሶኬቱን ንቀሉ። የላይኛውን ሰሃን አንሱት። ገልብጣችሁ ስትሠሩ ክብደታችሁ ሰሃኑ በሚያርፍበት ብረት ላይ እንዳያርፍ፤ ከሥሩ ያለው ሴንሰር ከተጣመመ ስክሪኑ ቢድንም ሚዛኑ ሞተ ማለት ነው። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ለጥፏቸው፤ አንዳንዶቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ይበሳል።

2. መስታወቱ ከቦርዱ ጋር በምን እንደተገናኘ እዩ። ሦስት ዓይነት ነው። በብረት እግሮች የተበየደ ከሆነ እድለኞች ናችሁ፤ ሳትነቅሉት ሥሩበት። በግራጫና ጥቁር መስመር ባለው ለስላሳ ጎማ (ዜብራ ይሉታል) ከሆነ መስታወቱ ተነስቶ ይመለሳል። እንደ ወረቀት በቀጠነ፣ በሙቀት በተለጠፈ ሪባን ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ሪባኑ አልኮልም ሙቀትም አይወድም፤ አንዴ ከተላቀቀ በቤት ውስጥ መልሶ መለጠፍ ዘበት ነው። እሱን ካያችሁ ሪባኑን በፕላስተር ሸፍኑና ፎኑን ከዚያ ጎን አርቁ።

3. መስታወቱ ላይ ምልክት አድርጉ። የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ፊት እንደሆነ በማርከር ጠርዙ ላይ ጻፉ። ቀላል ይመስላል። በኋላ ግን ባዶ መስታወት እጃችሁ ላይ ሲቀር ፊቱና ጀርባው አንድ ነው የሚመስለው።

4. የድሮውን የፊት ፊልም ላጡ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ነው። መስታወቱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በታጠፈ ጨርቅ አስተኙት። በፎን ሞቅ አድርጉት፤ እጃችሁ የማይችለው ሙቀት ለሱም አይሆንም። ምላጩን ከማዕዘኑ ጀምራችሁ ልክ እንደተኛ፣ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡ። ጫፉ ብድግ ሲል በወረንጦ ያዙና ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡት። ወደ ላይ ብትስቡት መስታወቱ ይታጠፋል፤ እያንዳንዱ መስታወት አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ወይም ከዚያም በታች ነው።

እኔ የመጀመሪያዬን የሰበርኩት እዚህ ላይ ነው። ቸኩዬ ወደ ላይ ነጠቅኩት። "ጧ" አለ። የሰው ዕቃ ነበር፤ ሌላ ገዝቼ ነው የመለስኩለት።

የመስታወቱ ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ የደረቀ የሙጫ ጠብታ ታያላችሁ። ሊኩዊድ ክሪስታሉ የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትፍቁት። ከተከፈተ አየር ይገባና ጥቁር አረፋ እየሰፋ ሙሉውን ይበላዋል።

5. የቀረውን ሙጫ አጽዱ። ጥጥ በአልኮል አርጥባችሁ ሙጫው ላይ አስተኙትና ተዉት። ለስንት ደቂቃ? ቤት ውስጥ ቡና ከተጣደ አቦሉ ወርዶ አንድ ሲኒ ጀባ እስኪባል በቂ ነው። ከዚያ ሙጫው እንደ ንፍጥ ይለሰልሳል፤ በምላጭ ጠርጉት፤ ደግማችሁ አርጥቡ። ምላጩ ሁልጊዜ እርጥብ መስታወት ላይ ይሂድ፤ ደረቅ ላይ ይቧጭራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (አሴቶን) ፈጣን ነው ብላችሁ አትጠቀሙ፤ የኋላውን ፊልምና የሚዛኑን ፕላስቲክ ያሟሟል፤ የጠርዙንም ማሸጊያ ያዳክማል። ሙጫ ትንሽ እንኳ ከቀረ አዲሱ ፊልም ሥር ጉብ ብሎ ፀሐይ ላይ ይታያል።

6. ለግልብጡ ብቻ፦ ከኋላ ብርማ ነገር አስገቡ። የተቃጠለው ዓይነት ከሆነ ይህን ዝለሉት፤ የራሱ አንጸባራቂ ከኋላው ተለጥፏል። ግልብጡ ግን ከኋላው ያለው ነጭ የመብራት ፕላስቲክ ብቻ ነው። ፎይሉን በመስታወቱ ልክ ቁረጡ፤ በቀስታ ጨምድዱና መልሳችሁ ዘርጉት፤ የማያብለጨልጨው ፊት ወደ መስታወቱ ይሁን። የምትጨመድዱት ብርሃኑ እንዲበተን ነው፤ እንደ መስታወት ከለሰለሰ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። ነጭ ወረቀትስ? ይሠራል፣ ግን ይደበዝዛል። ወረቀት የብርሃኑን አቅጣጫ ይበታትነዋል፤ ሲመለስ ግማሹን የኋላው ፊልም ይበላዋል። ብረት ግን አቅጣጫውን ጠብቆ ነው የሚመልሰው።

ፎይሉ ከኋላው ፊልም ጋር መነካት አለበት። ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ከራቀ ቁጥሩ ጥላ ይጥልና ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። ፎይል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ደግሞ ጠርዙን ዙሪያውን በስኮች ሸፍኑት፤ የመገናኛዎቹን እግሮች ከነካ ቁጥሩ ይቀወሳል።

ማታም የሚሠራበት ሰው ከሆናችሁ ፎይሉን ተዉትና ብርሃን ግማሽ የሚያሳልፍ፣ ግማሽ የሚመልስ ፊልም ፈልጉ፤ ትራንስፍሌክቲቭ ይባላል። ካለቁ የሞባይልና የሚዛን ስክሪኖች ኋላ ይገኛል። ግራጫ ሆኖ፣ ወደ አምፖል ስትይዙት ትንሽ ያሳልፋል።

7. ሳትለጥፉ አብሩት። ማዕዘኑን ፈልጉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። መስታወቱን ቦታው መልሱ፤ ባትሪውን አገናኙና አብሩት። ያለ ፊት ፊልም ምንም ቁጥር አይታይም፤ አብሽሩ፣ አልተበላሸም። አዲሱን ፊልም ላዩ ላይ አድርጉና በቀስታ አዙሩት። በአንድ ቦታ ቁጥሩ ጥቁር፣ ጀርባው ብሩህ ይሆናል። 90 ዲግሪ ወዲያ ደግሞ ተገልብጦ ይታያል። በሁለቱ መካከል ሁሉም ነገር ይጠፋል። ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ዲግሪ በዲግሪ እያንቀሳቀሳችሁ ጥቁሩ በጣም የጠቆረበትን፣ ነጩ በጣም የነጣበትን ነጥብ ያዙ።

ይህን ስታደርጉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፊልሙ ላይ ያለውን መከላከያ ላስቲክ ከማጣበቂያው ተቃራኒ በኩል ላጡት። ከማጣበቂያው በኩል ያለው ገና አይላጥም፤ ግን ራሱ ብርሃን ስለሚያዛባ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያሳያችኋል። ስለዚህ ከጥግ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ሁለቱንም ላስቲክ አንሱላትና ማዕዘኑን በሷ ለኩ። ከዚያ ያንኑ ማዕዘን ወደ ትልቁ ውሰዱት። ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ስክሪን ከሆነ ጥርት ያለ ነጭ አታገኙም፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ይሆናል። የመስታወቱ ጠባይ ነው፤ ከቀለሙ ይልቅ ንባቡን እዩ።

ከተቻለ ደጅ ወጥታችሁ ፈትሹት። ሱቅ ውስጥ ያማረው ፀሐይ ላይ ሌላ ነው።

8. ምልክት አድርጉ፣ ቁረጡ፣ ለጥፉ። ማዕዘኑ እንደተያዘ ፊልሙ ላይ የመስታወቱን አራት ጠርዝ በማርከር አስምሩ፤ መሃሉ ላይ "ላይ" ብላችሁ ጻፉበት። ይህቺ ቃል ቀልድ አይደለችም። በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ፊልም ቢገለበጥ አቅጣጫው 90 ዲግሪ ይዞራል፤ ለጥፋችሁ ስታበቁ ቁጥሩ ግልብጥ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በማስመሪያና በአዲስ ምላጭ አንድ ጊዜ ብቻ ጫን ብላችሁ ቁረጡ። መገናኛዎቹ ያሉበትን የመስታወት ከንፈር እንዳይሸፍን በየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር አጥብቡት።

ስትለጥፉ አቧራ ጠላታችሁ ነው። ወለሉን ውኃ ርጩበት፣ ማራገቢያ ካለ አጥፉ፣ ጋቢም ለብሳችሁ አትሥሩ። መስታወቱን በአልኮል የመጨረሻ ጊዜ ጥረጉ፤ የቀረችውን ብናኝ በስኮች ነካ እያደረጋችሁ አንሱ። ከማጣበቂያው በኩል አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ላጡና ከአንድ ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ አስያዙ። ከዚያ ላስቲኩን ከሥር እየሳባችሁ ከላይ በካርድ (የሞባይል ካርድ ቅርፊት ይሆናል) እየገፋችሁ ሂዱ። ጥቃቅን አረፋ በማግስቱ ራሱ ይጠፋል። ትልቁን ግን ወደ ጠርዙ ግፉት፤ በመርፌ አትብሱት።

የቴሌቪዥኑ ፊልም ማጣበቂያው ቴሌቪዥኑ ላይ ከቀረ ሙጫ አትቀቡ። አራቱን ጥግ በቀጭን ስኮች ያዙት፤ የሚዛኑ ክፈፍ ራሱ ይጫነዋል። ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ ይነበባል ግን።

9. መገናኛውን አጽድታችሁ ግጠሙ። ዜብራው ጎማ ከሆነ በአልኮል የራሰ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አንድ ጊዜ አሳልፉበት፤ የቦርዱን ወርቃማ መስመሮችና የመስታወቱን ከንፈርም እንዲሁ። ይድረቅ። እጃችሁ ከነካው ላብ ይቀርና ከቁጥሩ መስመር ይጎድላል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን ጎን ብቻ ብታጠብቁ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

10. የኋላ መብራቱን በስዊች አድርጉት። ወደ መብራቱ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቁረጡና መሃሉ ላይ ስዊች በይዱ። ፎይል ካስገባችሁ መብራቱ ከንቱ ስለሆነ ቆርጣችሁ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ለምን ይህን ያህል እጨቀጭቃችኋለሁ? ቁጥር የሚጽፈው መስታወት ራሱ የሚበላው ማይክሮአምፔር (የሚሊአምፔር አንድ ሺህኛ) ነው፤ ካልኩሌተር በአንድ ትንሽ ክብ ባትሪ ዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው። መብራቱ ግን 40 ሚሊአምፔር ቢወስድ ብቻውን 4 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በ100 ሰዓት ይጨርሳል። የናንተን በቴስተር ለኩ፤ ከመብራቱ ጋርና ያለ መብራቱ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ስታዩ ስዊቹን ማታ ብቻ ትነኩታላችሁ።

11. ጥላ አብጁለት። ፀሐይ እንዲነበብ ትረዳለች፤ ፊልሙን የምታቃጥለውም ግን እሷው ናት። ከጀሪካኑ ሦስት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ በስክሪኑ አናት ላይ እንደ ኮፍያ ጠርዝ ለጥፉ። ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ይከለክላል፤ ከፊት የሚመጣው ብርሃን ለማንበብ ይበቃል። ሞተር ስታቆሙ መሪውን አዙራችሁ ዳሽቦርዱን ከፀሐይ መልሱት፤ ወይ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ሚዛኑን ስታስቀምጡ ደግሞ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ለጥፎ ሲያበቃ ቁጥሩ ግልብጥ ሆነ፦ ፊልሙን ገልብጦ ነው የለጠፈው፤ ወይ 90 ዲግሪ ስቷል። ሙጫው ገና ስላልጠነከረ ወዲያው ላጡት፤ ነገ ካላችሁ እንደ አዲስ አልኮልና ምላጭ ነው።

ሁሉም ነገር ግራጫ ሆኖ ደበዘዘ፦ ማዕዘኑ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ስቷል፤ ወይም አንዱን መከላከያ ላስቲክ ሳያነሳ ቀርቷል። ሁለተኛው ሲደርስ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲለፋ ዋለ፤ መጨረሻ ላይ በጥፍሩ ላስቲኳን ሲያነሳት ቁጥሩ ቁልጭ አለ። አልሳቅኩበትም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

በጥቁር መነጽር አይታይም፦ አንዳንድ የፀሐይ መነጽር ራሱ ፖላራይዘር ነው። ራሳችሁን ዘንበል ስታደርጉ ቁጥሩ ከመጣ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው።

ደሴ ያማረው ባቲ ጠቆረ፦ ይህን ብዙ ጊዜ ነው የምጠየቀው። ሊኩዊድ ክሪስታል ሲሞቅ በትንሽ ቮልቴጅ ይጠቁራል፤ ሲበርድ ይሳሳል፣ ቁጥሩም ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። ደሴ ጠዋት በጭጋግ ያስተካከላችሁት ስክሪን ቆላ ሲወርድ የማይጻፉት መስመሮች ሁሉ ጥላ ሆነው ብቅ ይላሉ። ቦርዱ ላይ በካቻቪቴ የምትዞር የንጽረት ማስተካከያ ካለች (ሁሉም የላቸውም)፣ ዕቃው በሚሠራበት ቦታና ሰዓት አስተካክሏት። እኔ የባቲና የከሚሴ ደንበኞቼን ሚዛን ትንሽ አሳስቼ ነው የምሰጠው፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ፈዘዝ ይላል፤ እዚያ ልክ ይመጣል። ከማስተካከያው ጎን ያለችው ሌላዋ ግን የክብደቷ ልትሆን ትችላለች፤ ካላወቃችሁ አትንኩ።

ሁሉን ገጥማችሁ ስታበቁ ሚዛኑን ባዶውን አብሩት፤ ዜሮ ይበል። ክብደቱን የምታውቁትን የአንድ ኪሎ ብረት መሃሉ ላይ፣ ከዚያም በአራቱ ጥግ ተራ በተራ አስቀምጡ። አምስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ካላነበበ ሰሃኑ በትክክል አልተቀመጠም፤ ወይ ከሥሩ የተረሳ ብሎን አለ።